ምስሉ ጠፍቶ ድምፁ የቀረ ፊልም
(በፍኖተ ሰላም ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ መንገድ ወይም ስለ ድልድይ ሳይሆን ማንም ሊያየው ስለማይችል አንድ ፊልም ነው። ታንጎ የተባለውን የአርጀንቲና ዘፈን በዓለም ያስወደደው ካርሎስ ጋርዴል፣ ከዘፋኟና ተዋናይቱ ከኢምፔሪዮ አርሄንቲና ጋር፣ በፓሪስ አቅራቢያ ዡዋንቪል በነበረው የፓራማውንት ስቱዲዮ «ላ ካሳ ኤስ ሴሪያ» የተሰኘ አጭር ባለድምፅ ፊልም ሠርቶ ነበር። «ቤቱ የጨዋ ቤት ነው» እንደ ማለት ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1933 ወጣ፤ ጋርዴልም በ1935 በኮሎምቢያ፣ ሜዴሊን ላይ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ዛሬ ምስሉ የለም፤ ድምፁ ግን በሸክላ ተርፏል።

በዚያ ዘመን ድምፅን ከምስል ማጣመሪያው መንገድ ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው ድምፁን ወደ ብርሃን ለውጦ በዚያው ፊልም ላይ ከምስሉ ጎን መቅረጽ ነው። ሁለተኛው ለብቻው በሸክላ ቀርጾ፣ የሸክላ ማጫወቻውንና ፕሮጀክተሩን አያይዞ በእኩል ፍጥነት ማሽከርከር ነው። ሸክላው 40 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ነበረው፤ በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ እየዞረ 300 ሜትር ያህል የሚረዝመውን አንድ ጥቅል ፊልም 11 ደቂቃ ያጅባል። ለፕሮጀክተር ሠራተኛው ግን መከራ ነበር። ፊልሙ ተበጥሶ ጥቂት ምስል ተቆርጦ ከተቀጠለ፣ ከዚያ ወዲያ የተዋናዩ ከንፈርና ድምፁ አይገናኙም። ስለዚህም ስልቱ ብዙ ሳይቆይ ተተወ፤ እኔም በዚያ ዘመን ብጠየቅ አንደኛውን በመረጥሁ ነበር።

ዳሩ ግን ፊልሙ ራሱ አደገኛ ዕቃ ነበር። የያኔው የናይትሬት ፊልም ሲነድ ኦክስጅኑን ከራሱ ስለሚያገኝ ውኃ እንኳ አያጠፋውም፤ ባይነድም በመጋዘን እንደ ተቀመጠ ይበሰብሳል። (በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» መባሉ ከዚህ አንጻር ያን ያህል ስሕተት አልነበረም።) ሸክላው ሌላ ዕቃ በመሆኑ ከምስሉ ጋር አብሮ አልጠፋም።

የእኛም የመጀመሪያ ቅጂ የሸክላ ባለዕዳ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 በርሊን ላይ ያስቀረጿቸው ዘፈኖች ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2011፣ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ 27ኛ ቁጥር በሲዲ ወጥተዋል። ሲዘፍኑ አናያቸውም፤ እንሰማቸዋለን።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው ገጠር በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ስላለው የሠርግና የበዓል ካሴት ነው። አዝማሪው በመሰንቆ ሲዘፍን ከታዳሚው «ተቀበል» እየተባለ የተቀበለው ግጥም በዚያ አለ። ለቅኔ አገር ሰው፣ ሰምና ወርቁን ለመለየት ድምፁ ይበቃዋል። እስክስታው ግን አይበቃውም፤ ጭብጨባው ይሰማል እንጂ ትከሻ በካሴት አይሰማም። ስለዚህ የቪዲዮ ክሩንም እኩል መፈለግ አለብን።

የጎጃም ክረምት ለክር ክፉ ነው። የማግኔቱን ዱቄት የያዘው ማጣበቂያ እርጥበት ሲጠጣ ይለቅቃል፤ ሻጋታና የምድጃ ጭስም ይጨመሩበታል። በእኔ ግምት ግን ከክሩ በፊት የሚያልቀው ማጫወቻው ነው። ላስቲኩ ይረግባል፣ ራሱ ይቆሽሻል፣ ፍጥነቱ ይዛባል። የካሴት ክር በሴኮንድ 4.76 ሴንቲሜትር ካልሄደ የአዝማሪው ድምፅ የሌላ ሰው ይሆናል። ይህ ደግሞ የታሪክ ተመራማሪ የሚያቃናው ሳይሆን የእኛ ሥራ ነው።

የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። የቆሙትን ማጫወቻዎች ሰብስበን ከብዙው ሁለት ደኅና እናውጣ፤ አንዱ እዚህ፣ ሌላው ቡሬ ይቀመጥ። በባለቤቱ ፈቃድ እያንዳንዱን ካሴት ወደ ዲጂታል እንገልብጥ፤ የዘፋኙ ስም፣ ቀበሌውና ዓመቱ ከባለቤቱ አፍ ተጠይቆ በወረቀት ይጻፍ። ካሴቱ ለባለቤቱ ይመለስ፤ አንዱ ቅጂ ከእኛ ዘንድ ይቅር፣ ሌላውን የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት እንዲቀበለን እንጠይቅ። ላስቲክና የማጽጃ አልኮል ብዙ ገንዘብ አይፈጁም። የተበላሸ ማጫወቻ ያላችሁ፣ ሰኔ ሳይገባ አምጡልን።