ምስጋና በቤተ ሰብ ማዕድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤

በአገራችን ሰው ከሰው ሲገናኝ «እንደምን አደሩ» ብሎ ይጠይቃል፤ የተጠየቀውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልሳል። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ይህን ቃል በደጅ ተናግሮ ወደ ቤቱ ሲገባ በወጡ ማነስ የሚያጕረመርም፥ ስትደክም የዋለች ሚስቱንም በክፉ ቃል የሚያሳዝን አባት ቢኖር፥ ልጁ ከሁለቱ የትኛውን ትምህርት ይይዛል? ሕፃን ከሚነገረው ይልቅ የሚያየውን ይከተላልና የሚይዘው ማጕረምረሙን ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ በወንጌሉ ምዕራፍ 6 እንደ ጻፈልን፥ በጌታችን ፊት የቀረበው ከአንድ ብላቴና የተገኘ 5 የገብስ እንጀራና 2 ዓሣ ነበረ፤ የሚመገበው ሕዝብ ግን ወንዶቹ ብቻ 5,000 ያህሉ ነበር። እንድርያስም በእንጀራው ማነስ ተጨነቀ። ጌታችን ግን ያንኑ ጥቂቱን ይዞ አመሰገነ። ልብ በሉ፤ ምስጋናው የቀረበው 12ቱ መሶብ ከሞላ በኋላ አይደለም፤ እንጀራው ገና 5 ሳለ ነው እንጂ።

ምናልባት «ልጆቼ ሳይጠግቡ አድረዋል፤ እኔ ስለ ምን ላመስግን?» የምትል እናት ትኖር ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ረኃብን ጥጋብ ነው በሉ ብላ አታስተምርም። በቅዳሴ ጊዜ ጸሎተ አኰቴትን ስታደርስ የምታመሰግነው ስለ ሀብት ብዛት ሳይሆን፥ በአምላክ ጥበቃ እስከዚህች ሰዓት ስለ መድረሳችን ነው። ስለዚህ ችግሯን ለእግዚአብሔር በእንባ የምትነግር እናት ጸለየች እንጂ አላጕረመረመችም። የጠገበው ጎረቤቷ ግን ምስጋናው በአፉ ብቻ እንዳይቀር ከመሶቡ ያካፍላት ዘንድ ይገባዋል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ምስጋናን በሥራ አስተምሩ። ማዕድ ሲባረክ ልጆቻችሁ በተራ በዚያ ቀን ስለ ተቀበሉት አንድ በጎ ነገር እግዚአብሔርን ያመስግኑ። አባት በልጆቹ ፊት የልጆቹን እናት ያመስግናት፤ እናትም እንዲሁ አባታቸውን። እንጀራ የጋገረችውን፥ ውኃ የቀዳችውን ሠራተኛ በስሟ ጠርታችሁ አመስግኗት፤ ደመወዟንም በቀኑ ስጧት። የደከመን ሰው ዋጋ አስቀርቶ ማመስገን በእግዚአብሔር ዘንድ ተቀባይነት የለውምና።

ደግሞም በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ከለምጽ የነጹት 10 ሲሆኑ ተመልሶ ያመሰገነው 1 ብቻ፥ እርሱም ሳምራዊ እንደ ነበረ አስቡ። ዘጠኙም ጤናን አግኝተዋል፤ የጐደላቸው መመለስ ነው። ስለዚህ ልጃችሁ በጎ ነገር ሲደረግለት እናንተ ስለ እርሱ አታመስግኑለት፤ ወደ ጎረቤቱም ወደ መምህሩም በገዛ እግሩ ሄዶ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይበል። ወደ ሰው መመለስን የተማረ ልጅ፥ አድጎ ከቤታችሁ በራቀ ጊዜም ወደ ፈጣሪው የሚመለስበትን መንገድ አይስትም።

ማዕዳችንን በበረከት፥ ልባችንን በምስጋና ይምላልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።