ስለ ድረ ገጽ የምስክር ወረቀት ማስጠንቀቂያ ለሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤቶች የተሰጠ ገለጻ



የሩብ ዓመት ሪፖርት መላኪያ ሲደርስ በየጽሕፈት ቤቱ የሚያጋጥመውን አንድ ችግር ዛሬ አንሥተን እንነጋገራለን። ጸሐፊው ወይም ሒሳብ ሹሙ የመሥሪያ ቤቱን የውስጥ ድረ ገጽ ሲከፍት፣ በቅጹ ፈንታ «ግንኙነትዎ ከሌላ ዓይን የተጠበቀ አይደለም» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ ይመጣበታል። ብዙዎች «አድቫንስድ» የሚለውን፣ ቀጥሎም «ፕሮሲድ» የሚለውን ተጭነው ያልፋሉ፤ ሥራውም ይሠራላቸዋል። እኛን የሚያሳስበን ይኸው መሥራቱ ነው፤ እጅ ማለፍን ይለምዳልና።

ማስጠንቀቂያው የሚመረምረውን ለመረዳት መሸኛ ደብዳቤን እናስብ። ከአንድ ደብር ወደ ሌላው የሚዛወር አገልጋይ መሸኛውን ሲያቀርብ፣ ተቀባዩ ጽሕፈት ቤት ስሙን ከሰውየው ጋር ያስተያያል፤ ቀኑን ያያል፤ ማኅተሙም ከሚያውቀው ሀገረ ስብከት መሆኑን ያረጋግጣል። ክሮም፣ ኤጅና ፋየርፎክስን የመሳሰሉት ማሰሻዎችም ድረ ገጹ በሚያቀርበው የምስክር ወረቀት ላይ የሚመረምሩት እነዚህኑ ሦስት ነገሮች ነው። ምሳሌው ግን እስከ መጨረሻው አይዘልቅም፤ መሸኛ ቢሰረቅ ሌላ ሰው ሊይዘው ይችላል፣ የድረ ገጹ የምስክር ወረቀት ግን በሰርቨሩ ውስጥ ተደብቆ ከሚቀመጥ ምስጢራዊ ቁልፍ ጋር ካልተጣመረ ዋጋ የለውም።

ከማስጠንቀቂያው በታች በትንንሽ ፊደል የሚጻፈውን አንብቡ። «ኮመን ኔም ኢንቫሊድ» የሚል ከሆነ ስሙ አልተስማማም። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሙሉውን አድራሻ በመጻፍ ፈንታ አጭሩን ስም ወይም የሰርቨሩን ቁጥር ጽፋችኋል። በደብዳቤ የተላከላችሁን አድራሻ እንዳለ ጻፉት።

«ዴት ኢንቫሊድ» ካለ ደግሞ ጉዳዩ የቀን ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባናል፣ በአገራችን የተለየ መልክ አለውና። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለችው ክብ ትንሽ ባትሪ ስትደክም፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ብዙ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህን ሊያስተካክል የተነሣ ሰው ዓመቱን በእኛው አቆጣጠር ይጽፋል። ኮምፒዩተሩ የሚቆጥረው ግን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ስለ ሆነ፣ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል፤ የምስክር ወረቀቱም ገና ያልተጀመረ መስሎ ይታየዋል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓትን 3 ብሎ የሚሞላም አለ፤ ይህ የስድስት ሰዓት ልዩነት ያመጣል፣ ዕለቱን የተሰጠ አዲስ የምስክር ወረቀትንም ሊያስጥል ይችላል። ስለዚህ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሰዓት ክልሉን ፈትሹ፤ ሰዓቱ ራሱን ከኢንተርኔት እንዲያስተካክል አድርጉ፤ ባትሪዋንም ለውጡ፣ ዋጋዋ ትንሽ ነው።

ሰዓታችሁ ትክክል ሆኖ በሌላ ኮምፒዩተርም ያው ማስጠንቀቂያ ከመጣ፣ ጊዜው ያለፈበት የሰርቨሩ የምስክር ወረቀት ነው። ይህን ከእናንተ ዘንድ ሆኖ ማደስ አይቻልም፤ ስልክ ደውሉልን። የእድሳቱ ጊዜም እየተቀራረበ ሄዷል። ዓለም የሚያውቃቸው ምስክር ሰጪዎች በእ.ኤ.አ. መስከረም 2020 ከ398 ቀን በላይ የሚያገለግል የምስክር ወረቀት መስጠት አቁመዋል፤ በተወሰነው መርሐ ግብር መሠረትም ይህ ጊዜ በ2029 ወደ 47 ቀን ይወርዳል።

ሦስተኛው «ኦቶሪቲ ኢንቫሊድ» የሚለው ነው፤ ማኅተሙ አይታወቅም ማለት ነው። በውስጥ ድረ ገጾች ላይ ከሁሉ የሚበዛው ይህ ነው። ምስክር ሰጪዎቹ ከእ.ኤ.አ. ኅዳር 2015 ወዲህ በአንድ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ውስጥ ብቻ ለሚታወቁ ስሞች ስለማይመሰክሩ፣ እንዲህ ያለ ስም ያለው መሥሪያ ቤት የራሱን ማኅተም ያስቀርጻል። ያንን ማኅተም፣ ማለትም «ሩት ሰርተፊኬት» የተባለውን፣ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር በታማኞቹ መዝገብ ካላስገባው አያውቀውም። በዊንዶውስ ላይ ሲጫን «ትረስትድ ሩት» የሚለውን መዝገብ በእጅ መምረጥ ያስፈልጋል፤ ለፕሮግራሙ ምርጫ ከተተወ በሌላ መዝገብ ሊገባና ማስጠንቀቂያው ሊቀጥል ይችላል። ፋየርፎክስ የራሱ መዝገብ ስላለው፣ በክሮም የተከፈተው ገጽ በእርሱ ሊዘጋ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን። የዚያ ማኅተም ቁልፍ በእጁ ያለ ሰው፣ ማኅተሙ በተጫነበት ኮምፒዩተር ፊት የባንክንም ሆነ የኢሜይልን ድረ ገጽ መስሎ ሊቀርብ ይችላል። ስለዚህ በቴሌግራም «ይህን ጫኑት፣ ማስጠንቀቂያው ይጠፋል» ተብሎ የተላከላችሁን ፋይል አትጫኑ። ፋይሉን ከሚታወቅ ባለሙያ እጅ ተቀበሉ፤ «ፊንገርፕሪንት» የሚባለውንም ረጅም ቁጥር በምታውቁት ስልክ ደውላችሁ አስተያዩት።

ጥንቃቄው የበዛ ለሚመስላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በኔዘርላንድ የሆነውን እናስታውስ። ዲጂኖታር የተባለ ምስክር ሰጪ ድርጅት በሰርጎ ገቦች ተደፍሮ፣ በስሙ ከ500 በላይ የሐሰት የምስክር ወረቀቶች ወጡ። የጉግል ስም ያለበት አንዱ በኢራን የሚኖሩ ሰዎችን የኢሜይል ግንኙነት ለመጥለፍ ዋለ። ማኅተሙ የታወቀ ስለ ነበር የብዙዎቹ ማሰሻ ምንም አላስጠነቀቀም። ድርጅቱ በዚያው ዓመት ከሰረ። እነዚያ ሰዎች ማስጠንቀቂያ እንኳ አላገኙም፤ እኛ ግን አግኝተን የምናልፍ ከሆነ፣ የይለፍ ቃላችንንና የተረጂ ሕፃናትን ስም ዝርዝር ለማን እንደምናስረክብ አናውቅም።

በእንግዳ ማረፊያ ወይም በካፌ ዋይፋይ ስትሠሩ ማስጠንቀቂያው ከመጣ፣ መጀመሪያ የዋይፋዩ መግቢያ ገጽ እንደሚጠብቃችሁ አስቡ፤ እርሱን ከጨረሳችሁ በኋላም ካልጠፋ ሥራውን አቁሙ። ስትደውሉልን የትንሹን ጽሑፍ ቃል፣ የጻፋችሁትን አድራሻ፣ የኮምፒዩተሩን ቀንና ሰዓት፣ በሌላ ኮምፒዩተር ተሞክሮ እንደ ሆነም ንገሩን። ሪፖርቱ የሚላክበት ቀን ደርሶ ከሆነ በወረቀት አትማችሁ ላኩት፤ ከእኛ ዘንድ ተመዝግቦ ይገባል።