እርሾን በዶቃ ውስጥ ስለ ማኖር



በካርቱም ለማእድ የሚቀርበው ኪስራ ከእንጀራችን ጋር የሥጋ ዘመድ ነው ብል የሚቃወመኝ ያለ አይመስለኝም። የማሽላ ዱቄት በውሃ ይበጠበጣል፤ ካለፈው ቡሆ የተረፈ እርሾ ይጨመርበታል፤ ሲያድር ይኮመጥጣል፤ ከዚያም ዶካ በተባለው ምጣድ ላይ እንደ ወረቀት ሳስቶ ይጋገራል። የሚያኮመጥጡትም ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሐሚድ ዲራር በ1993 ዓ. ም. (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት መጽሐፍ ስለ ሱዳን የእርሾ ምግቦች በሰፊው ጽፈዋል። የባልቴቶችን ዕውቀት እንደ ዕውቀት ቆጥረው መመዝገባቸው ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘኛል።

ነገር ግን እርሾ ከባለቤቱ ጋር ይጠፋል። በ2023 ዓ. ም. (እ.ኤ.አ.) በኤፕሪል ወር ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሏል፤ የሚሸሽ ሰው ደግሞ የቡሆ ዕቃ አይሸከምም። ከጎረቤት እንዳይበደር ጎረቤትም ሸሽቷል።

ሊቃውንት ባክቴሪያን በጄል ዶቃ ውስጥ የሚያኖሩበት ዘዴ አላቸው። ከቡናማ የባሕር አረም የሚገኘው ሶዲየም አልጂኔት በመቶ 2 ያህል ሆኖ በውሃ ይሟሟል፤ ባክቴሪያው ይደባለቅበታል፤ ድብልቁም በሲሪንጅ ጠብ ጠብ እየተደረገ ካልሲየም ክሎራይድ በሟሟበት ውሃ ውስጥ ይንጠባጠባል። ካልሲየሙ የአልጂኔቱን ረጃጅም ሰንሰለቶች እርስ በርሳቸው ስለሚያስራቸው፣ እያንዳንዱ ጠብታ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር የሚያህል ድቡልቡል ዶቃ ይሆናል። ስኳር ይገባል፤ አሲድ ይወጣል፤ ባክቴሪያው ግን በአመዛኙ እንደ ታሰረ ይቀራል። ሥራው ሲፈጸም ዶቃው በወንፊት ተለይቶ ለሁለተኛ ጊዜ ይሠራበታል። በጃፓን ታናቤ ሴያኩ የተባለው ኩባንያ በጄል የታሰረ ባክቴሪያን ከ1973 ዓ. ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለፋብሪካ ሥራ አውሎታል፤ ያ ግን ለሌላ አሲድ ነበረ።

ጉድለትም አለው። ላክቲክ አሲዱ ሲበዛ ካልሲየሙን እየሳበ ዶቃውን ያላላዋል፤ ባክቴሪያዎቹም ሲባዙ ከዳር ያሉት ያመልጣሉ። በዶቃ የሚታሰረው ብዙውን ጊዜ የተመረጠ አንድ ዘር ሲሆን፣ የቤት እርሾ ግን የብዙ ዘሮች ማኅበር ነው። ከወፍራም ቡሆ ውስጥ ዶቃ ለቅሞ ማውጣትም አይቀልም። ስለዚህ ዶቃው ጋጋሪዋን ይተካል የሚል ሰው ቢኖር፣ ቡሆ አቡክቶ የማያውቅ ነው።

ለክፍል ግን እጅግ ይስማማል። ዱቄት ተፈልቶ ከተጠለለበት ውሃ ላይ ጥቂት ስኳር ጨምሮ በሁለት ብርጭቆ መክፈል ነው፤ በአንደኛው ጥቂት የእርሾ ውሃ ያለበት ዶቃ፣ በሁለተኛው ባዶ ዶቃ ይግባ። በማግስቱ ተማሪዎቹ ሰማያዊ ሊትመስ ነክረው የትኛው እንደ ቀላ ራሳቸው ይዩ፤ ዶቃውንም አጥበው በአዲስ ውሃ ይድገሙት። ቤተ ሙከራ የለንም ለሚሉ ትምህርት ቤቶች፣ ከሊትመሱ በቀር ከወጥ ቤት የማይገኙት ሲሪንጁና ሁለቱ ዱቄቶች ብቻ ናቸው፤ እነዚህን በሚመጣው ዓመት በጀት እንዲያስገቡልን የትምህርት ሹማምንቱን በአክብሮት እለምናለሁ።