የሄክቶር ሬሳና የአርሲ ሲንቄ

(አሰላ ላይ ለመምህራንና ለተማሪዎች ካደረግሁት ንግግር የተወሰደ)

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ ትሮይ እንደምናገር የሰማ አንድ ተማሪ በር ላይ ያዘኝና «ቲቸር፣ እዚያ ጦርነት ላይ የኛ ሰው አልነበረም እንዴ?» አለኝ። ነበረ። ሜምኖን ይባላል፤ ግሪኮቹ የኢትዮጵያውያን ንጉሥ፣ የንጋት አምላክ ልጅ ይሉታል። ሄክቶር ከሞተ በኋላ ጦሩን ይዞ ለትሮይ ደረሰላት፤ እሱንም አኪለስ ገደለው። ታሪኩን የያዘው «ኤቲዮፒስ» የተባለው ግጥም ጠፍቶ ዛሬ የቀረን ማጠቃለያውና ቁርጥራጩ ብቻ ነው። ታዲያ ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ከግብፅ ወዲያ ያለውን የጥቁር ሰው አገር በጅምላ ነበርና፣ ሜምኖንን የጭላሎ ልጅ እናድርገው ብትሉኝ አልስማማም። የምንኮራበት ሌላ ሞልቶናል።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሽማግሌው ፕሪያም ነው።

ኢሊያድን ያላነበበ ሰው ግጥሙ በእንጨቱ ፈረስና በከተማዋ መቃጠል የሚያልቅ ይመስለዋል። የሚያልቀው ግን በቀብር ነው፤ ያውም በጠላት ቀብር። አኪለስ ሄክቶርን መግደሉ አልበቃው ብሎ ሬሳውን ከሠረገላው ጋር አስሮ በአቧራ ላይ ጎተተው። አባትየው ፕሪያም በሌሊት ካሣ አስጭኖ የጠላት ሰፈር ገባ። ልጁን የገደሉትን እጆች ሳመ፤ አባትህን አስብ ብሎ ለመነው። ሁለቱም ተላቀሱ፤ አንዱ ለልጁ፣ ሌላው ለአባቱና ለሞተበት ጓደኛው። አኪለስም ሬሳውን አሳጥቦና አልብሶ ሰጠው፤ ለለቅሶውና ለቀብሩም 11 ቀን ውጊያ እንዲቆም ተስማማ። ይህን የገጠመው ሆሜር ግሪክ ነው እኮ! ካሸናፊው ወገን ሆኖ ነው ለተሸናፊው እንዲህ ያለቀሰው።

ወደ ቤታችን እንምጣ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ልጃቸው የተገደለባቸው ወላጆች የጥይት ዋጋ ክፈሉ ተብለዋል። አታልቅሱ፣ ጥቁር አትልበሱ የተባሉም አሉ። ፕሪያም ወርቅ ከፍሎ ልጁን አገኘ፤ ከኛዎቹ ብዙዎቹ አጥንት እንኳ አላገኙም። ነሐሴ 1967 የሞቱት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በሥርዓት የተቀበሩት ጥቅምት 1993 ነው፤ 25 ዓመት አልፎ! ንጉሥ እንዲህ ከሆነ የድሀ ልጅ እንዴት ይሁን?

ይህ የቆምንበት መሬትም ያልተለቀሰላቸው ሙታን አሉት። ከ1874 እስከ 1878 ዓ.ም. በአርሲ ዘመቻ፣ አርሲ በጦርና በጋሻ የራስ ዳርጌን ጠመንጃ ሲቋቋም ብዙ ሰው አለቀ። በ2006 ዓ.ም. ሄጦሳ ውስጥ የአኖሌ ሐውልት ቆመ። አንዱ አይቶት ያለቅሳል፤ ሌላው «እንዲህ ያለ ነገር አልተደረገም» ብሎ ይሟገታል። ሙግቱ ይቀጥል፤ የታሪክ ሰዎች ሥራ ነው። ግን በዚያ ዘመቻ ሰው ማለቁን ማንም አይክድም። ለለቅሶ ደግሞ ፍርድ እስኪሰጥ ይጠበቃል እንዴ? የሌላውን ሙት ብናለቅስ የኛ ሙት የሚረክስ የሚመስለን ለምንድን ነው?

አንድ ነገር ልጨምር። የሄክቶር እናት ሄኩባና ሚስቱ አንድሮማክ ከግንብ ላይ ሆነው ከመጮህ በቀር ምንም ማድረግ አልቻሉም። የአርሲ ሴት ግን ሲንቄ አላት። ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው ዘንግ ነው። ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በተጣሉ ሰዎች መካከል ከቆሙ ያንን ጥሶ መምታት ነውር ነው፤ ጠቡ መቆም አለበት። ሆሜር እንኳ ይህን አላሰበውም! እዚህ ያላችሁ ልጆች ስንቶቻችሁ አያቶቻችሁን ስለ ሲንቄ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እጅ አውጡ እስቲ። ... አያችሁ?

እንግዲህ አስተማሪ ነኝና ያለ የቤት ሥራ አልለቃችሁም። በሚቀጥለው ስንገናኝ እያንዳንዳችሁ በዱሮም ይሁን በቅርቡ ጦርነት ያለቀ የአንድ ሰው ስም ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ከራሳችሁ ወገን የሆነ አልቀበልም። ከማዶ ይሁን።