ከአልጋ ሥር ያለ ገንዘብ

እሷ፦ የበዓል ጽዳት ሲመጣ ከአልጋ ሥር የማይወጣ የለም። የዘይት ጀሪካን፣ እጀታው የወለቀ ድስት፣ የተቃጠለ ምጣድ…

እሱ፦ በሰው አትፍረጂ! ኑሮው እንዲህ ተወዶ ጀሪካን ይጣላል?

እሷ፦ አንዱ ይቀመጥ፤ የቀሩት ለምን? ቆራሌው በየማለዳው እየተጣራ በደጅህ ያልፋል።

እሱ፦ እሱ የሚሰጠኝ ሳንቲም ምን ያደርግልኛል?

እሷ፦ ቦታ ይለቅልሃል። ደግሞ የሰበሰበው ከንቱ አይቀርም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄደህ እይ፤ ቆርቆሮው የከሰል ምድጃ፣ የመኪና ጎማው በረባሶ ጫማ ሆኖ ይወጣል። እኔ እንደዚያ ሰፈር የሚያስቀናኝ የለም፤ የሚጣል ነገር አያውቁም።

እሱ፦ ልብሱንስ? ለልዋጭ ብሰጠውስ?

እሷ፦ እዚያ ላይ ጠንቀቅ በል። አሮጌ ሱሪ ሰጥተህ የፕላስቲክ ሳፋ ከተቀበልክ ቤቱ መች ቀለለ? የሚለበሰውን ለሚለብሰው ስጥ፤ የሚሸጠውን ሸጠህ ብሩን ከዕቁብህ ጨምር።

እሱ፦ ቡፌ ውስጥ ለእንግዳ ተብሎ የተቆለፈባቸው ብርጭቆዎችስ?

እሷ፦ እነሱንማ አትሽጥ! አውጥተህ ጠጣባቸው፤ አዲስ መግዛት ይቀርልሃል።

እሱ፦ ይህንን ለባለቤቴ አንቺው ንገሪልኝ። ቁልፉ እሷ ጋ ነው።