የሴንዳይ ግንብ ፍርስራሽ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ ሦስታችን ከእነዚሁ ክፍሎች ወጥተን በጃፓን ሀገር፣ በሴንዳይ ከተማ ለትምህርት የቆየን ነን። ስለ ጃፓን ትናገራላችሁ በተባልን ጊዜ ስለ ፈጣኑ ባቡርና ስለ ፋብሪካው የምናወራ የመሰላችሁ ብዙዎች ሳትሆኑ አትቀሩም። እርሱን ሌላ ሰው ይነግራችኋል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 በመልእክተኛነት ወደዚያ ሀገር ሄደው ሲመለሱ ያዩትን በመጽሐፍ ጽፈዋል፤ እኛ ግን እንደ አቅማችን ስለ አንድ ቦታ ብቻ፣ ይኸውም ፈርሶ የሕዝብ መናፈሻ ስለ ሆነው ስለ ሴንዳይ ግንብ እንነግራችኋለን። ዓመታቱን የምንቆጥረው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናሳስባለን።

መጀመሪያ የሄድነው በኅዳር ወር፣ በአንድ ቅዳሜ ቀን ነው። መንገዱ ጠመዝማዛ፣ ዳገቱም ብርቱ ነው። ከጫካው ዳር ድብ አለና ተጠንቀቁ የሚል ማስታወቂያ ስላየን ርምጃችንን ሳናፋጥን አልቀረንም። ከላይ በደረስን ጊዜ ያገኘነው ሰፊ ሜዳ፣ የቤት መሠረት የነበረበትን የሚያመለክቱ ድንጋዮች፣ በፈረስ ላይ የተቀመጠ የአንድ መስፍን የነሐስ ሐውልትና ከበታች የተዘረጋው ከተማ ነበረ። ሕፃናት ይሯሯጣሉ፤ ሽማግሌዎች በወንበር ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ከእኛ አንዱ የጎንደር ልጅ ነው። ዙሪያውን አየና «ታዲያ ግንቡስ የት አለ?» አለ። በበጎ ፈቃድ ጎብኚዎችን የሚመሩ አንድ ሽማግሌ ጥያቄውን ስናስተረጉምላቸው ሣቁና በእግራቸው መሬቱን መታ መታ አድርገው፣ ቆማችሁበታል፣ አሉን።

ወንድማችን መደናገሩ አይፈረድበትም። ጎንደር ላይ ግንብ ሲባል በድንጋይና በኖራ እስከ ጣራው ድረስ የተሠራ ቤት ነው። የጃፓን መሳፍንት ግን ድንጋዩን ከሥር ያለ ኖራ ይክቡና ከላይ ያለውን አዳራሽ፣ በሩንና ማማውን በእንጨት ይሠራሉ። እንጨቱ ሲሄድ ካቡ ብቻ ይቀራል። ይህን ግንብ የሠራው መስፍን የሞተው በ1636፣ ዐፄ ፋሲል ጎንደርን ቈረቈሩ በሚባልበት በዚያው ዓመት ስለ ሆነ፣ ሁለቱ ሥራዎች እኩያ ናቸው ማለት ይቻላል።

መስፍኑ ዳቴ ማሳሙኔ ይባላል። በልጅነቱ ፈንጣጣ ይዞት የቀኝ ዓይኑን አጥቷል። ግዛቱ በዓመት 620,000 ኮኩ ሩዝ እንደሚያገባ ይቈጠር ነበረ። አንድ ኮኩ አንድን ሰው ዓመት ያበላል ይባላል። በ1601 ይህን ኮረብታ መርጦ ሥራውን ጀመረ። በምሥራቅ በኩል ገደልና የሂሮሴ ወንዝ፣ በደቡብም ጥልቅ ሸለቆ አለ፤ ስለዚህ ብዙ አጥር አላስፈለገውም። በሌሎች ግንቦች መካከል የሚታየውን ረጅም ዋና ማማ ከቶ አላሠራም። በ1613 ሐሴኩራ ጹኔናጋ የሚባለውን ባለሟሉን በመርከብ በሜክሲኮ በኩል ወደ ስጳኝና ወደ ሮማ የላከው ይኸው መስፍን ነው፤ መልእክተኛው የተመለሰው በ1620 ነው። ልጁ ታዳሙኔ ግን ከ1638 ጀምሮ ከኮረብታው በታች ሁለተኛ ግቢ አሠርቶ የመንግሥቱን ሥራ ወደዚያ አወረደ። ዳገቱን አንድ ቀን የወጣ ሰው ይህን አይነቅፈውም።

አሁን የሚያስገርመውን እንናገር። ይህን ምሽግ ጠላት ሰብሮት አያውቅም። በ1868 በርስ በርስ ጦርነት የሴንዳይ ወገን ተሸንፎ እጁን ሲሰጥ እንኳ በግንቡ ላይ ውጊያ አልተደረገም። ከዚህ በኋላ በ1871 የመሳፍንቱ ግዛት በአዋጅ ቀረ፤ ከላይ የነበረው አዳራሽ ፈረሰ፤ የታችኛው ግቢ የጦር ሰፈር ሆነ፤ ቤቶቹም በ1882 ተቃጠሉ። ታላቁ የእንጨት በር ግን ተርፎ በ1931 የሀገር ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ። እርሱም ሐምሌ 10 ቀን 1945 የአሜሪካ አውሮፕላኖች ከተማውን በእሳት በደበደቡበት ሌሊት ነደደ። ከጦርነቱ በኋላ በታችኛው ግቢ የአሜሪካ ወታደሮች ሰፍረው እስከ 1957 ቆዩ፤ በኋላም ቦታው ለቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። እኛ የጃፓንን ቋንቋ ፊደል የቈጠርነው በዚሁ መሬት ላይ ነው፤ ያን ቅዳሜ እስክንወጣ ድረስ ግን የማን ግቢ እንደ ነበረ አናውቅም ነበር።

ፈረሰኛው ሐውልት እንኳ ዕረፍት አላገኘም። በ1935 ቆመ፤ በጦርነቱ ጊዜ፣ በ1944፣ ለመሣሪያ የሚሆን ብረት ሲሰበሰብ ተወሰደ። የላይኛው ግማሽ አካሉ ሳይቀልጥ ተገኝቶ ዛሬ ከኮረብታው ሥር በከተማው ሙዚየም አጠገብ ይታያል። የቅርጹ ማውጫ ተጠብቆ ስለ ነበረ በ1964 እንደገና ተቀርጾ ቆመ።

ከሁሉ ይልቅ ያቆየን ግን ካቡ ነው። በሰሜን በኩል ያለው ቁመቱ 17 ሜትር ይደርሳል። ድንጋዮቹ ተጠርበው እርስ በርሳቸው ስለ ገጠሙ በመካከላቸው ቢላዋ የሚገባ አይመስልም። ከፊቱ ድንጋይ በስተኋላ ወፍራም የጠጠር ንጣፍ አለ፤ የዝናቡ ውኃ በዚያ ሾልኮ ይወርዳል። ውኃ ከኋላ ከተጠራቀመ ካብ ሆዱን ነፍቶ እንደሚፈርስ በእርከን ሀገር ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ።

ይህም ካብ ሆዱን መንፋት በጀመረ ጊዜ፣ ወደ 1990ዎቹ መጨረሻ፣ ከተማው ሊፈታው ወሰነ። እያንዳንዱ ድንጋይ ቁጥር ተጻፈበት፤ ተለካ፤ ፎቶግራፍ ተነሣ፤ ከዚያም ወረደ። በፈቱትም ጊዜ ከውስጡ ሌላ ካብ፣ ከዚያም ውስጥ ሌላ ካብ አገኙ። የመጀመሪያው የማሳሙኔ ነው፤ በ1616 የመሬት መንቀጥቀጥ ጐዳው። ሁለተኛው ከዚያ በኋላ የተካበው ነው፤ እርሱንም የ1668 መንቀጥቀጥ አፈረሰው። ዛሬ የምናየው ሦስተኛው ነው። ድንጋዮቹ በየቁጥራቸው ወደ ቦታቸው ተመልሰው ሥራው በ2004 ተፈጸመ። በመጋቢት 11 ቀን 2011 ታላቁ መንቀጥቀጥ በመጣ ጊዜ በሌላው የግቢው ክፍል ካቦች ወደቁ፤ እነርሱንም እንደገና ካቡአቸው። በመጋቢት 16 ቀን 2022 ደግሞ ሌላ መንቀጥቀጥ ካብ ጣለ፤ ሐውልቱንም አዘነበለው፤ ወርዶ ተጠግኖ በ2023 ተመለሰ። ሽማግሌው መሪያችን ይህን ሲነግሩን ድምፃቸው የኀዘን አልነበረም፤ ክረምት ያፈረሰውን አጥር እንደሚያቆም ገበሬ ነበር የሚናገሩት።

ተማሪዎች ሆይ፣ ከሜዳው ዳር አንድ የሰው ምስል አለ፤ የባለቅኔው የዶይ ባንሱይ ነው። ባንሱይ በ1871 የሴንዳይ ግዛት በቀረበት ዓመት በዚሁ ከተማ ተወለደ። በፈረሰ ግንብ ላይ ስለምትወጣ ጨረቃ ግጥም ጻፈ፤ ታኪ ሬንታሮ የሚባል ወጣት ዜማ አወጣለት። መዝሙሩ በ1901 የታተመው እንደ እናንተ ላሉ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በተዘጋጀ የመዝሙር መጽሐፍ ነው። ታኪ በ1903 ገና በ23 ዓመቱ ሞተ። ባለቅኔው ሴንዳይንና አይዙን፣ ዜመኛው ግን ልጅነቱን ያሳለፈባትን የታኬታን ከተማ ግንብ እያሰቡ እንደ ሠሩት ስለሚነገር፣ ዛሬ ከአንድ በላይ ከተሞች መዝሙሩ የእኛ ነው ይላሉ። የባንሱይ ቤት በ1945 ከበሩ ጋራ በአንድ ሌሊት ተቃጥሏል፤ በ1949 አዲስ ቤት የሠሩለት ተማሪዎቹ ነበሩ። መምህራን ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል ብለን ጨመርነው።

ከዚህ በኋላ ከሽማግሌው ጋራ ክርክር ገጠምን። ከተማው ከካቡ ማዕዘን ላይ አንድ ማማ እንደገና ሊሠራ አስቦ ነበረ። የማዕዘኑ ማማ ግን በ1646 መንቀጥቀጥ ወድቆ አልታደሰም፤ ዛሬ በሚታየው በሦስተኛው ካብ ላይም ከቶ አልቆመም። ሊቃውንቱ ይህን አስረድተው ስለ ተቃወሙ ሐሳቡ ቀረ፤ ቦታውም በ2003 በመንግሥት የታሪክ ሥፍራ ተባለ። የታላቁ በር ነገር ግን ሌላ ነው። እርሱ ከመቃጠሉ በፊት የተነሣ ፎቶግራፍና የተለካ ልክ አለው፤ ስለዚህ ከተማው ሊያሠራው ወስኖ መሠረቱን በቁፋሮ ማስመርመር ጀምሯል። ሽማግሌው እናንተስ ምን ትላላችሁ ብለው ጠየቁን። እናታቸው በሩ ሲነድ ከወንዙ ማዶ ሆነው አይተዋል።

የጎንደሩ ልጅ፣ ልኩ ከታወቀ ይሠራ፤ ባዶ ሜዳ ለሕፃን ምን ይነግረዋል፣ አለ። ሁለታችን አልተስማማንም። አዲስ በር ከቆመ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው ያ እሳት መኖሩን በምን ያውቃል አልን። እርሱም በተራው፣ ሕፃኑ ዛሬስ በምን አወቀ፣ ብሎ መለሰ፤ በዚህም ላይ ጥሩ መልስ አልነበረንም። ሽማግሌው የማን ወገን እንደ ሆኑ ሳይነግሩን እንደ ጃፓን ልማድ ጎንበስ ብለው ተሰናበቱን።

ስንወርድ በሩ በነበረበት ቦታ ላይ አለፍን። ከጎኑ የነበረው ትንሽ ማማ በ1967 እንደገና ተሠርቶ ብቻውን ቆሟል፤ በሩ በነበረበት ላይ የአስፋልት መንገድ ያልፋል። ቆመን ስፋቱን በርምጃ ልንለካ ስንሞክር መኪና መጣብንና ሮጠን ወደ ዳር ወጣን።

ያነሣናቸውን ፎቶግራፎች ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አስረክበናል። የካቡን ፎቶግራፍ ስታዩ ከታች በስተግራ በኩል ቆሞ ፊቱን ያዞረው ኩርፍተኛ የጎንደሩ ልጅ ነው፤ እስከ ዛሬም ሐሳቡን አልለወጠም።