ከመጻፍ በፊት ማንበብ፦ የአማተር ሬዲዮ ኬብልና ሶፍትዌር አመራረጥ

(በፋኩልቲው ለሕዝብ ክፍት የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ በመጠኑ ትንሽ ነው። በቀኝ እጄ የያዝሁት የእጅ ሬዲዮ ነው፤ በግራዬ ደግሞ ይህን ሬዲዮ ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ አንድ ጥቁር ኬብል። ስለዚህች ኬብል አንድ ሙሉ ንግግር ማዘጋጀቴ ያስገርማችሁ ይሆናል። ምክንያቴን አስቀድሜ ልናገር፤ በዚህች ኬብል አማካይነት የአንድ የማከብራቸውን ሰው የዓመታት ድካም በአንድ ደቂቃ ውስጥ አጥፍቻለሁ። ታሪኩን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድመን ግን ነገሩን ከመሠረቱ እንረዳ።

አማተር ሬዲዮ ማለት ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ያለ ገንዘብ ጥቅም፣ ለራሳቸው ትምህርትና ለቴክኒክ ምርምር ሲሉ በሬዲዮ ሞገድ የሚገናኙበት አገልግሎት ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለአገራችን ከመደባቸው የጥሪ መለያዎች አንዱ «ኢቲ» በሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ይጀምራል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኘው የክበብ ጣቢያም በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው ኢቲ3ኤኤ በሚለው መጠሪያው ነው።

ዛሬ ብዙ ጀማሪዎች የሚይዙት ሬዲዮ እንደ ባኦፌንግ ዩቪ-5አር ያለ ርካሽ የእጅ ሬዲዮ ነው። ይህ ሬዲዮ 128 ቻናሎችን በማኅደሩ ይይዛል። እያንዳንዱ ቻናል የሚቀበልበት ድግግሞሽ፣ የሚያሠራጭበት ድግግሞሽ፣ የሪፒተር መክፈቻ ቶን፣ የኃይል መጠንና ከ7 ፊደላት ያልበለጠ ስም አለው። ከስሙ በቀር ይህን ሁሉ በሬዲዮው ቁልፎች መሙላት ይቻላል፤ ሆኖም ለአንዲት ቻናል እንኳ ብዙ ጊዜ መጫን ይጠይቃል፤ አንዱ ቁልፍ ከተሳተም ሥራው እንደገና ይጀመራል። ስድስት ሬዲዮዎችን በአንድ ዓይነት ዝርዝር መሙላት የሚፈልግ ክበብ ከኬብልና ከሶፍትዌር ሌላ የሚያዋጣ መንገድ የለውም።

እንግዲህ ኬብሉን እንመርምር። ከሁሉ በፊት ልታውቁት የሚገባው፣ ይህ ኬብል ተራ ሽቦ አለመሆኑን ነው። በዩኤስቢው ጫፍ ባለው ፕላስቲክ ውስጥ ትንሽ ቺፕ ተቀምጣለች፤ ሥራዋም እንደ አስተርጓሚ ነው። ኮምፒውተሩ የሚናገረው የዩኤስቢን ቋንቋ ነው፤ ሬዲዮው ግን አንድ በአንድ ተሰልፈው የሚመጡ የ0 እና የ1 ምልክቶችን ብቻ ይረዳል። ዩቪ-5አር እነዚህን ምልክቶች በሴኮንድ 9600 ቢት ፍጥነት ይለዋወጣል። አስተርጓሚዋ ከታመመች ሁለቱ ወገኖች የቱን ያህል ጤነኞች ቢሆኑ አይግባቡም።

የቮልቴጅ ጉዳይም አለ። በድሮ ኮምፒውተሮች ጀርባ የምናውቀው አርኤስ-232 የተባለው መስመር 1ን ከ3 እስከ 15 በሚደርስ አሉታዊ ቮልት፣ 0ን ደግሞ በተመሳሳይ መጠን አዎንታዊ ቮልት ይገልጻል። የእጅ ሬዲዮው ግን ከ0 እስከ 3.3 ወይም እስከ 5 ቮልት ባለው ወሰን ውስጥ የሚሠራ ነው፤ የምልክቱም አቅጣጫ የተገላቢጦሽ ነው። ስለዚህ የድሮውን መስመር ያለ መቀየሪያ በቀጥታ ከሬዲዮ ጋር ማያያዝ አለመግባባት ብቻ አያመጣም፤ ሬዲዮውን ሊያቃጥለውም ይችላል።

ብዙ ሰው ኬብል የሚመርጠው መሰኪያውን ዐይቶ ነው። ይህ ያሳስታል። ባኦፌንግ የሚጠቀምበት ባለሁለት እግር መሰኪያ በተለምዶ የኬንውድ መሰኪያ ይባላል፤ አንዱ እግር 3.5፣ ሌላው 2.5 ሚሊሜትር ነው። ቲዋይቲ ኤምዲ-380 የተባለው ዲጂታል ሬዲዮም ይህንኑ መሰኪያ ይጠቀማል። የዚህኛው ኬብል ግን በውስጡ አስተርጓሚ ቺፕ የለውም፤ ሬዲዮው ራሱ ዩኤስቢ ስለሚናገር የዩኤስቢው ሽቦዎች በቀጥታ ወደ መሰኪያው ይሄዳሉ። ሁለቱ ኬብሎች ጎን ለጎን ቢቀመጡ መንታ ይመስላሉ፤ አንዱ ግን የሌላውን ሥራ አይሠራም። የአይኮም ሬዲዮዎች ደግሞ ሲአይ-ቪ በተባለው ሥርዓታቸው መላኩንም መቀበሉንም በአንድ ሽቦ ያካሂዳሉ፤ በዚህም የተነሣ ኮምፒውተሩ የራሱን ድምፅ እንደ ገደል ማሚቶ መልሶ ይሰማል፤ ሶፍትዌሩም ይህን ለይቶ መተው አለበት። ከዚህ የምንማረው፣ ኬብል ሲገዛ የሬዲዮውን ሞዴል በትክክል መጥቀስና ሻጩን «ለዚህ ሞዴል ተሞክሯል ወይ?» ብሎ መጠየቅ እንደሚገባ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የቺፑ ማንነት ነው። በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ኤፍቲ232፣ ፒኤል2303፣ ሲኤች340 እና ሲፒ2102 የተባሉት ናቸው። እያንዳንዱ ኮምፒውተሩ ላይ የራሱን ድራይቨር ይፈልጋል። ታዋቂዎቹ ቺፖች በሐሰት ተመስለው ይሠራሉ፤ አምራቾቹም ዝም ብለው አላዩም። እ.ኤ.አ. በ2014 ኤፍቲዲአይ የተባለው ኩባንያ በዊንዶውስ ማሻሻያ በኩል ያሠራጨው ድራይቨር አስመስለው የተሠሩ ቺፖችን የምርት መለያ ቁጥር ወደ ዜሮ ስለለወጠው፣ ኮምፒውተሮች እነዚያን ኬብሎች መለየት አቃታቸው። ከብዙ ተቃውሞ በኋላ ድራይቨሩ ተነሣ። ሐሰተኛ ቺፕ መሥራት ጥፋት መሆኑ አያጠያይቅም፤ ግን ቅጣቱ ያረፈው ቺፑን በሠራው ላይ ሳይሆን፣ በፕላስቲክ ውስጥ ያለውን ማየት በማይችለው ገዢ ላይ ነበር። ስለዚህ እውነተኛ ቺፕ ላለው ኬብል ጥቂት ጨምሮ መክፈል ብክነት አይደለም። አቅም ካነሰም፣ ስሙን ሳይደብቅ በርካሽ ቺፕ የተሠራ ኬብል የታዋቂ ስም ከለበሰው ሐሰተኛ ይሻላል።

ኬብሉ በእጃችሁ ከገባ በኋላ ሬዲዮውን ከማገናኘታችሁ በፊት ፈትኑት። ኮምፒውተሩ ላይ ሲሰካ አዲስ የኮም ፖርት ቁጥር ይታያል ወይ? የመላኪያና የመቀበያ መስመሮቹን ለይታችሁ ካወቃችሁ፣ ሁለቱን በአጭር ሽቦ አገናኝታችሁ በተርሚናል ፕሮግራም ፊደል ጻፉ፤ የጻፋችሁት ተመልሶ ከታየ ቺፑም ድራይቨሩም ደኅና ናቸው። ከዚያ በኋላ «ሬዲዮው አልመለሰም» የሚል መልእክት ቢመጣ በመጀመሪያ መሰኪያውን ጠበቅ አድርጋችሁ ግፉት። ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚገኘው እስከ መጨረሻው ባልገባ መሰኪያ ላይ ነው፤ የመሰኪያው ፕላስቲክ ወፍራም ሆኖ ከሬዲዮው ጠርዝ ጋር ከተጋጨ በምላጭ ትንሽ መላጥ ይበቃል።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ ልሻገር። ሁለት ዓይነት ምርጫ አለ። አንደኛው አምራቹ ራሱ የሚያወጣው ነው፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ፣ ፋይሉም በሌላ ፕሮግራም የማይከፈት ነው። ዲኤምአር ለተባሉት ዲጂታል ሬዲዮዎች ብዙዎች የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው፤ የሶፍትዌሩ እትም ደግሞ ከሬዲዮው ውስጣዊ ፕሮግራም እትም ጋር መጣጣም አለበት። ሁለተኛው ቸርፕ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ነው። ቸርፕ በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም በማክም የሚሠራ፣ የልዩ ልዩ አምራቾችን ብዙ ሬዲዮዎች የሚያውቅ ነው። የቻናል ዝርዝሩን ሲኤስቪ በተባለው ተራ የሠንጠረዥ ፋይል ማውጣትም ይችላል፤ ይህን ፋይል ማንኛውም የሠንጠረዥ ፕሮግራም ይከፍተዋል፤ በወረቀትም ይታተማል።

ሶፍትዌር ስመርጥ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «የጻፍሁትን ነገር ያለ አንተ ማንበብ እችላለሁን?» መልሱ «አዎን» ከሆነ ሥራዬ የእኔ ነው። «አይደለም» ከሆነ ግን ሥራዬ የተቀመጠው በሰው ቤት ነው።

አሁን የገባሁትን ቃል ልፈጽም። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በክበባችን የመስክ ልምምድ ዋዜማ፣ ስድስት ሬዲዮዎችን የማዘጋጀት ኃላፊነት ወደቀብኝ። ከስድስቱ አንዱ ከክበቡ መሥራቾች አንዱ የነበሩ፣ ከዚያ ዓመት በፊት ያረፉ አንድ አዛውንት መምህር ሬዲዮ ነበር፤ ልጆቻቸው ለክበቡ ያበረከቱት ነው። እኚህ ሰው ቅዳሜና እሑድ ኮረብታ ለኮረብታ በእግራቸው እየዞሩ፣ ከየትኛው ቦታ የትኛው ጣቢያ እንደሚሰማ ይፈትኑ ነበር። የደረሱበትንም በወረቀት ሳይሆን በሬዲዮው ማኅደር ውስጥ፣ በእነዚያ 7 ፊደላት፣ በራሳቸው አጠራር አሳጥረው ይጽፉ ነበር።

የነበረኝ ኬብል በውስጡ የነበረው ቺፕ የሌላ ስም የለበሰ ኖሮ፣ የተሻሻለው ድራይቨር አልቀበለውም አለ። ሁለት ሌሊት ታገልሁት። በሦስተኛው ሌሊት ከአንድ ተማሪ የተዋስሁት ኬብል ወዲያው ሠራ። ደስታዬ ጥንቃቄዬን ወሰደው። ከመጀመሪያው ሬዲዮ ያነበብሁትን ፋይል አስተካክዬ በሌሎቹ አምስት ላይ በተከታታይ ጻፍሁት፤ አምስቱን አስቀድሜ አላነበብኋቸውም። በአምስተኛው ላይ የሥራው መለኪያ መስመር ሞልቶ ሲያበቃ ነው የማን ሬዲዮ እንደሆነ ያስተዋልሁት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስሁት ግን የሚለቀም አልነበረም። በማግስቱ ከተማሪዎቹ መካከል እርሳቸውን ተከትለው ኮረብታ የወጡትን ሰብስቤ የሚያስታውሱትን ጠየቅሁ። ሦስት ስሞች ተገኙ።

ኬብሉን ልወቅሰው እችል ነበር፤ ሁለት ሌሊት አድክሞኛልና። ሶፍትዌሩንም መውቀስ አልችልም፤ ለማንበብ የሚያስፈልገው አንድ ትእዛዝ እዚያው ከመጻፊያው ትእዛዝ ጎን ነበረ።

ከዚያ ወዲህ በክበባችን አንድ ሥርዓት አለ። ማንኛውም ሬዲዮ ሲመጣ በመጀመሪያ ይነበባል። የተነበበው ፋይል የሬዲዮው ሞዴልና ቀኑ ተጽፎበት ይቀመጣል፤ ያ ፋይል ፈጽሞ አይነካም። ቀጥሎ ፋይሉ ይቀዳና የጋራው ዝርዝር ከሲኤስቪ ፋይል ወደ ቅጂው ይገባል፤ ወደ ሬዲዮው ተመልሶ የሚጻፈው ይህ የራሱ ቅጂ ነው። የአንዱን ሬዲዮ ፋይል በሌላው ላይ አንጭንም። ምክንያቱም በፋይሉ ውስጥ ከቻናሎቹ ሌላ የሬዲዮው ውስጣዊ ቅንብሮች አሉ፤ የድግግሞሽ ወሰንና የጸጥታ መቆጣጠሪያው መነሻ ከእነዚህ መካከል ናቸው። መልካቸው አንድ የሆኑ ሁለት ሬዲዮዎች ውስጣዊ ፕሮግራማቸው ሊለያይ ይችላል።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። እነዚህ ሬዲዮዎች ለአማተር ከተመደበው ሰፋ ባለ ወሰን ማሠራጨት ይችላሉ። እኛ ባለንበት የዓለም ክፍል የአማተሩ ድርሻ በ2 ሜትር ባንድ ከ144 እስከ 146 ሜጋኸርዝ፣ በ70 ሴንቲሜትር ባንድ ደግሞ ከ430 እስከ 440 ሜጋኸርዝ ነው፤ የመጨረሻው ቃል ግን የአገሪቱ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን የሰጣችሁ ፈቃድ ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ሞገድ የጸጥታና የአስቸኳይ ጊዜ አገልግሎት ሊሆን ይችላል። ቸርፕ ላይ ለማዳመጥ ብቻ የምታስገቡትን ቻናል ማሠራጨት እንዳይችል አድርጎ መዝጋት ይቻላል። ዝጉት። አንድ ልጅ በስሕተት ቁልፉን ቢጫን የሌላውን ሰው የጭንቅ ጥሪ እንዳይሸፍን።

የንግግሬ ፍሬ ነገር እንግዲህ አጭር ነው። ኬብል ስትመርጡ ከመሰኪያው ይልቅ ውስጡን ጠይቁ። ሶፍትዌር ስትመርጡ ሥራችሁን መልሶ የሚሰጣችሁን ምረጡ። ሁለቱም በእጃችሁ ሲሆኑ ደግሞ ከመጻፋችሁ በፊት አንብቡ።

የመምህሩ ሬዲዮ ይኸው በቀኝ እጄ ያለው ነው። ተማሪዎቹ ያስታወሷቸው ሦስቱ ስሞች በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቻናሎች ላይ ተመልሰዋል፤ በሲኤስቪ ፋይልም፣ በክበቡ መዝገብም በቀለም ተጽፈዋል። አራተኛውን ከዚያው ኮረብታ ላይ ባለፈው ወር ሁለት ተማሪዎቻችን ራሳቸው ፈትነው አግኝተውታል። የቀሩትን የሚፈልግ ቅዳሜ ጠዋት በክበቡ ክፍል ይገኝ፤ ጫማው ለዳገት የሚሆን ይሁን።